ጤናዎ፦ አንጀታችንና ራሱን የሚወጋ ሰውነት

«በዘራችን የሌለ በሽታ ከየት መጣብን?» ልጃቸው በኢንሱሊን የሚታከም የስኳር በሽታ እንደያዘው ሲነገራቸው ብዙ ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። ቀጥለውም «ጣፋጭ አብዝተንበት ይሆን?» እያሉ ራሳቸውን መክሰስ ይጀምራሉ። ውድ አንባብያን፣ ሐኪሞች ዐይነት 1 የሚሉት ይህ የስኳር በሽታ ከረሜላ በመብላት የሚመጣ አይደለም። በሽታን ሊከላከልልን የተፈጠረው የሰውነታችን ኃይል ወዳጅና ጠላትን መለየት ተስኖት፣ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት እየለቀመ ሲያጠፋ የሚከሠት ነው። ሉፐስ፣ ሩማቶይድ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም፣ እንዲሁም መልቲፕል ስክለሮሲስ ከዚሁ ወገን ናቸው።

ይህ የመከላከያ ኃይል ለምን ይሳሳታል? ዘር ድርሻ አለው፤ ዘር ብቻ ግን አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የፊንላንድና የሩሲያ ድንበር ነው። ፊንላንድ በልጆች ዐይነት 1 ስኳር ከዓለም አንደኛ ስትሆን፣ ከድንበሩ ማዶ ባለችው የሩሲያ ካሬሊያ ግን በሽታው በስድስት እጥፍ ያነሰ መሆኑን በፈረንጆች 2005 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ለበሽታው በሚያጋልጠው ዘር በኩል የሁለቱ ሕዝብ ልዩነት ይህን ያህል የሚያደርስ አልነበረም።

ተመራማሪዎች ታዲያ ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከሩሲያ በድምሩ 222 ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመታቸው ተከታትለው፣ በሰገራቸው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ መረመሩ። በ2016 በታተመው ውጤት፣ በፊንላንድና በኢስቶኒያ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ባክቴሮይድስ የተባሉት ባክቴሪያዎች በዝተው ተገኙ። በሩሲያዎቹ ዘንድ ግን በመጀመሪያው ዓመት ኢ. ኮላይ የመሳሰሉት ይበዙ ነበር። የኢ. ኮላይ ሽፋን የመከላከያ ኃይሉን ይቀሰቅሰዋል፤ ምልምል ወታደር በልምምድ ወዳጁንና ጠላቱን መለየት እንደሚማር ማለት ነው። የባክቴሮይድስ ሽፋን ግን ዝም ያለ ነው፤ እንዲያውም የሌላውን ቅስቀሳ ያፍናል። ለስኳር በሽታ የተጋለጡ አይጦች ከኢ. ኮላይ ሽፋን የተወሰደውን ንጥረ ነገር ሲወጉ በሽታው ዘገየላቸው፤ ከባክቴሮይድስ የተወሰደው ግን አልፈየደም። ይህ በአይጥ የታየ ነው፤ ልጅዎን አፈር ያብሉት ማለት አይደለም።

ወደ እኛ ወደ ስደተኞች ስንመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ2018 የታተመ የሚኒሶታ ጥናት፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ የሕሞንግና የካረን ሴቶችን ገና ታይላንድ ካሉት ወገኖቻቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። አሜሪካ በገቡ በዘጠኝ ወር ውስጥ የአንጀታቸው ባክቴሪያ መለወጥ ጀመረ፤ የአገር ቤቱ ዐይነት እየጠፋ በቦታው ባክቴሮይድስ ተተካ። እዚሁ በተወለዱት ልጆቻቸው ደግሞ የባክቴሪያው ዐይነት ይበልጥ ተመናምኖ ተገኘ። የምግብ መለወጥ ብቻውን ይህን ሁሉ አላስረዳም። ይሁንና ጥናቱ የተመለከተው ውፍረትን እንጂ ራሱን የሚወጋ ሰውነትን ስላልሆነ፣ «አሜሪካ መምጣታችን ነው ያሳመመን» ለማለት አያበቃም። ልጃቸው የታመመባቸው ወላጆችም በዚህ ራሳቸውን የሚወቅሱበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በየመደብሩ «ጥሩ ባክቴሪያ» እየተባለ የሚቸበቸበው ኪኒን ከእነዚህ በሽታዎች አንዱንም እንደሚያድን አልተረጋገጠም፤ በእኔ አስተያየት ገንዘብዎን ለምስርና ለሽሮ ቢያውሉት ይሻላል። ጥራጥሬና አትክልት የአንጀት ባክቴሪያዎች ቀለብ ናቸው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ሰዎች የተሳተፉበት በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ እርጎና የመሳሰለውን የፈላ ምግብ ለዐሥር ሳምንት አዘውትረው የበሉት የባክቴሪያቸው ዐይነት ጨመረ፣ በደማቸው ያለው የመቆጣት ምልክትም ቀነሰ ይላል። እንጀራስ? የሚሉ አይጠፉም። ቡሖው ሲቦካ ባክቴሪያ ሞልቶታል፤ ምጣዱ ላይ ግን ይሞታል። የጤፉ አሠር ይቀራል፤ እሱም ጠቃሚ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ዐይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው በእርጎም ሆነ በጥቁር አዝሙድ ተማምኖ ኢንሱሊኑን ቢተው፣ ደሙ አሲድ እየሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የሩማቶይድና የሉፐስ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ምክር አይቆምም።

ልጅዎ ውኃ ውኃ የሚል፣ ሽንት የሚያመላልሰው፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ የጀመረና የሚከሳ ከሆነ በዚያው ቀን የደም ስኳሩን ያስለኩ። ማስታወክና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከታከለበት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት።