ከገጽ እስከ ገጽ፦ ትንሿ ጭረት የማን ቃል ናት?

ከምዕራብ ጎንደር ቆላ የመጣ አንድ ተማሪ ስለ ትውልድ ቦታው ስለ ገለጉ ለመጻፍ አስቦ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባ እንበል። ገለጉ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ለታሪክም ሆነ ለሳይንስ ባዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ የሸፈቱት በቋራ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በጦርነት ቆስለው የወደቁት በመተማ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘውም በዚያው በቋራ፣ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ተጎራብቶ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከመደርደሪያ ባወረዳቸው አምስት ወፋፍራም የአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ የሚፈልገው ነገር መኖሩ አይቀርም። ዳሩ ግን የመጨረሻ ገጾቻቸውን ቢገልጥ የስሞችና የርእሰ ጉዳዮች ጠቋሚ አላገኘባቸውም። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ጊዜ አልነበረውምና የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ መጻሕፍቱን መልሶ ወጣ።

በቋንቋችን «ማውጫ» የምንለው ከመጽሐፉ ፊት የሚቀመጠውን የምዕራፎች ዝርዝር ነው። ብዙ ደራስያንና አሳታሚዎች እርሱ ካለ ሌላ የሚያስፈልግ አይመስላቸውም። ነገር ግን ማውጫ የሚያሳየው ደራሲው ነገሩን እንዴት እንዳደራጀው ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው ኢንዴክስ የሚባለውና እኛ በዚህ ጽሑፍ «ጠቋሚ» የምንለው ግን ለአንባቢው ጥያቄ የሚመልስ ነው። ስለ ገለጉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚጽፍ ደራሲ ጥቂት ነው፤ በአራትና በአምስት ገጽ የሚያነሣት ግን ሊኖር ይችላል። እነዚያን ገጾች ከመቀበር የሚያድናቸው ጠቋሚ ብቻ ነው።

የዛሬው ትኩረታችን ግን ከዚህም ጠበብ ያለ ነው። ጠቋሚ በተዘጋጀበት መጽሐፍ እንኳ ሥራውን ከንቱ የሚያደርግ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ እርሱም «ከዚህ ገጽ እስከዚያ ገጽ» የምትለው ጭረት ናት።

ጭረቷ ምን ትላለች?

በአንድ ጠቋሚ ላይ «ገለጉ 24–29» ተብሎ ቢጻፍና በሌላው «ገለጉ 24፣ 26፣ 29» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሁለቱ አንድ ነገር አይናገሩም። የመጀመሪያው ከገጽ 24 ጀምሮ እስከ ገጽ 29 ድረስ ስለ ገለጉ ያልተቋረጠ ሐተታ አለ የሚል ነው፤ ገጾቹም ስድስት እንጂ አምስት አይደሉም። ሁለተኛው ደግሞ ስሟ በሦስት ገጾች ላይ በተለያየ አጋጣሚ ተነሥቷል ከማለት አያልፍም። በአንደኛው አንባቢው ተረጋግቶ ለማንበብ ይዘጋጃል፤ በሁለተኛው አየት አየት አድርጎ ያልፋል። ጭረቷና ነጠላ ሰረዙ የጌጥ ምልክቶች ሳይሆኑ ለአንባቢው የሚሰጡ ሁለት የተለያዩ ቃሎች ናቸው።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አንድ ተማሪ የስበት ፍጥነትን ለክቶ «ከ9.7 እስከ 9.9» ብሎ ሲጽፍ፣ እሴቱ በዚህ ክልል ውስጥ ነው ብሎ ኃላፊነት ወስዷል። «ከ5 እስከ 15» ቢል አልተሳሳተም ይባል ይሆናል፤ ግን ምንም አልነገረንም። በጠቋሚም እንዲሁ ነው። «ሰሊጥ 20–90» የሚል መስመር አንባቢውን መጽሐፉን ሙሉ አንብብ ከማለት አይለይም። በአንጻሩ አሥራ ሁለት የገጽ ቁጥሮችን በነጠላ ሰረዝ ደርድሮ መተውም ዋናውን ሐተታ ከድንገተኛ ጥቅሻ ሳይለዩ አንባቢን ማድከም ነው።

ኮምፒዩተሩ የሚያውቀውና የማያውቀው

ዛሬ አብዛኛው መጽሐፍ የሚሰናዳው በማይክሮሶፍት ወርድ ነው። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ አንድን ቃል መርጠን ኦልት፣ ሺፍትና ኤክስ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስንጫን፣ ከቃሉ አጠገብ ስውር ምልክት ይቀመጣል፤ ጠቋሚውም የሚሰበሰበው ከእነዚህ ምልክቶች ነው። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን ቃሉን በገጽ 24፣ 25 እና 26 ላይ ለየብቻ ምልክት ብናደርግበት ወርድ ሦስቱን ገጾች አጣምሮ «24–26» እንደማይልልን ነው። ሦስቱንም ይደረድራቸዋል። ጭረቷን ለማግኘት ሐተታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መርጠን የቡክማርክ ስም መስጠት፣ ከዚያም ምልክት በምናደርግበት ሳጥን ውስጥ «ፔጅ ሬንጅ» የሚለውን መርጠን ያንን ስም ማመልከት ይኖርብናል። ልፋት ይመስላል እንጂ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ የጽሑፉ መጠን ተለውጦ ገጾቹ ቢንሸራተቱ ጠቋሚውን ስናድስ ክልሉ አብሮ ይታረማል። በእጅ የተጻፈ ክልል ግን ባለበት ይቀራል።

የፊዚክስና የሒሳብ ሰዎች በምንወደው በላቴክ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጠቋሚውን የሚያሰናዳው አጋዥ ፕሮግራም ሦስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ ገጾች ሲያገኝ፣ አታድርግ ካልተባለ በቀር፣ በራሱ ፈቃድ በጭረት ያያይዛቸዋል። በሦስት ተከታታይ ገጾች ላይ በአንዳንድ ቃል ብቻ የተጠቀሰ ስም በዚህ መንገድ የሦስት ገጽ ሐተታ መስሎ ይታያል። እንግዲህ አንደኛው ፕሮግራም እውነተኛውን ሐተታ ይበታትናል፤ ሌላው የተበታተነውን ሐተታ ያስመስላል። ሁለቱም የቁጥሮችን ቅደም ተከተል ያውቃሉ፤ የነገሩን ቀጣይነት ግን አያውቁም። ይህን የሚያውቀው ጽሑፉን የጻፈው ወይም በጥንቃቄ ያነበበው ሰው ብቻ ነው።

እኛም ከዚህ ስሕተት አላመለጥንም። ለተማሪዎቻችን ባዘጋጀነው አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ፣ ስውር ምልክቶቹ በስክሪኑ ላይ እንደተገለጡ ጠቋሚውን አወጣነው። የተገለጡት ምልክቶች ቦታ ስለያዙ መስመሮቹ ወደ ታች ተገፍተው ነበር፤ በሚታተመው ቅጂ ላይ ግን ምልክቶቹ አልነበሩምና ከመጽሐፉ እኩሌታ ወዲያ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ ገጽ ተሳሳቱ። ይህን የደረሰበት አንድ ተማሪ ነው። ምልክቶቹን መሸሸግ፣ የወረቀቱን መጠን አስቀድሞ መወሰን፣ ጠቋሚውንም ከሁሉ በኋላ ማውጣት እንደሚገባ የተማርነው በዚያን ጊዜ ነው።

ስለ ምልክቷ ቅርጽም ጥቂት እንበል። ቃልን ከቃል የምታያይዘው ንኡስ ጭረት፣ የገጽ ክልልን የምታሳየው ረዘም ያለች ጭረትና የመቀነስ ምልክት በኮምፒዩተር ዘንድ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። በንኡስ ጭረት የተጻፈ ክልል መስመር ሲያልቅበት «24-» እላይ ቀርቶ «29» ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚታየውን «124–9» የሚል አጭር አጻጻፍ ደግሞ ባንቀዳው እንመርጣለን፤ አንባቢያችን ስላልለመደው «124–129» ብሎ መጻፍ ግልጽ ነው።

አንድ ስም ብዙ ቦታ፣ አንድ ቦታ ብዙ ስም

የገጽ ክልል እውነት የሚሆነው ግን የተሰጠው ስም በትክክል ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ገለጉ የከተማ ስም ብቻ አይደለም። ወደ ሱዳን ወርዶ ከዲንደር ወንዝ ጋር የሚገናኝ ወንዝም ገለጉ ይባላል፤ በዲንደር ፓርክ ውስጥም በዚሁ ስም የሚጠራ የፓርኩ ጣቢያ አለ። ሦስቱን በአንድ መስመር ጨምሮ «ገለጉ 24–31» ብሎ መጻፍ ሐሰተኛ ቀጣይነት መፍጠር ነው። መተማም እንዲሁ ናት፤ በሱዳን ውስጥ በዓባይ ዳር በሸንዲ አጠገብ በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ከተማ አለች፤ የማህዲስቶች ታሪክ ሁለቱንም ያነሣል። በተቃራኒው የ1881 ዓ.ም.ን ጦርነት በውጭ አገር መጻሕፍት ፊት ለፊቷ ባለችው በገላባት ስም ሊያገኙት ይችላሉ። በኅዳር 1940 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በጣልያኖች ላይ ያደረጉትም ማጥቃት በብዛት የሚታወቀው በገላባት ስም ነው። ስለዚህ «ገላባት፦ መተማንም ይመልከቱ» የሚል መስመር የግድ ያስፈልጋል።

በራሳችን ፊደልም ችግር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ከዚያ በፊት ፊደሎቻችን በላቲን ፊደላት ቦታ ተደብቀው ስለነበር ማሽኑ በፊደል ተራ ሊደረድራቸው አይችልም ነበር። ቢሆንም ማሽኑ «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ «አ» እና «ዐ» በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። አንዱ ምዕራፍ «ዐፄ»፣ ሌላው «አፄ» ብሎ ከጻፈ ጠቋሚው አንዱን ንጉሥ በሁለት ሩቅ ቦታዎች ያስቀምጠዋል። አልጣሽን «አላጥሽ» ወይም «አላጢሽ» ብሎ የሚጽፍም አለ። ውጤቱ በቀጥታ በጭረታችን ላይ ይታያል፤ ከገጽ 24 እስከ 29 የተዘረጋው አንድ ሐተታ በአንዱ አጻጻፍ «24–26»፣ በሌላው «27–29» ሆኖ ለሁለት ይሰነጠቃል።

«በፍለጋ ይገኝ የለም?»

በዘመነ ኮምፒዩተር ጠቋሚ ምን ይሠራል የሚሉን ባልደረቦች አሉ። በፋይል የተቀመጠ መጽሐፍ ላይ የፍለጋ ሣጥን መኖሩ እውነት ነው። ግን ፍለጋ የሚያገኘው የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ነው፤ «አልጣሽ» ብንለው «አላጥሽ»ን አያመጣም። «የቋራ ቆላ» እየተባለ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ገለጉ አካባቢ ቢወራ ፍለጋው ዝም ይላል። ዋናውን ሐተታ ከተራ ጥቅሻ አይለይም፤ በወረቀት ላይ ለታተመ መጽሐፍማ ጭራሽ አያገለግልም። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ጥራዞች በጀርመን አገር የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ በመጨረሻው ጥራዙ ጠቋሚ የያዘ ነው፤ ዝግጅቱ በፊደል ተራ የተደረደረ ሆኖ ሳለ እንኳ ጠቋሚ አያሻውም አልተባለም።

ምን ይደረግ?

የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ በፋኩልቲዎቻችን የሚዘጋጅ ማንኛውም የማስተማሪያ መጽሐፍ ጠቋሚ ሳይኖረው አይታተም። ሁለተኛ፣ የስሞች አጻጻፍ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ይወሰን። ሦስተኛ፣ የገጽ ክልልን የሚወስነው ጽሑፉን የሚያውቀው ሰው እንጂ ጽሑፉን የሚተይበው ባለሙያ ወይም ፕሮግራሙ አይሁን። አራተኛ፣ በቤተ ሙከራ እንደምናደርገው መፈተሽ ይልመድብን፤ መጽሐፉን ያልጻፈ ሰው አሥር ክልሎችን እንደ ዕድል መርጦ፣ ጭረቷ የምትለው እውነት መሆን አለመሆኑን ገልጦ ይይ። ከአሥሩ ሦስቱ ካሳሳቱ ሥራው ተመልሶ ይታይ።

ጥቂት ገጾች ወረቀት ይጨምራል መባሉ አይቀርም። ይጨምራል። ነገር ግን በአገራችን አንድ መጽሐፍ የብዙ ሰው ነው፤ በተራ ይነበባል፣ ለአንድ ሌሊትም ይዋሳል። የገለጉው ተማሪ መጽሐፉን ማለዳ የሚመልስ ከሆነ በሌሊቱ የሚያነባቸውን ስድስት ገጾች ለይቶ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው መጽሐፉን የጻፍነው እኛ ነን፤ የምንነግረውም በጠቋሚው ላይ በምናሰፍራት ትንሽ ጭረት ነው።