በልምምድ ላይ ስለሚጐዱ ወታደሮች

የሠራዊት ኃይል በጦር ሜዳ በሚሰለፈው ሰው ብዛት ይገመታል፤ ወደ ሜዳው ሳይደርስ በልምምድ ሥፍራ ታሞና ተሰብሮ የቀረውን የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው። በሰላም ጊዜ ብዙውን ወታደር ከሥራው የሚያስቀረው በሩጫ፤ በጕዞና በሸክም የሚመጣው የእግርና የወገብ ጕዳት መሆኑን የጦር ሐኪሞች ይመሰክራሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1855 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው) ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩስያ ጦር ሐኪም ረጅም መንገድ የተጓዙ ወታደሮች እግራቸው እያበጠ እንደሚታመሙ ጽፎ ነበር። ምክንያቱ የታወቀው ግን ሮንትገን በ1895 ዓ.ም. ጨረሩን ካገኘ በኋላ ነው፤ እግሩ በራጅ ሲታይ አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። አጥንት ሸክም ሲበዛበት ራሱን እያደሰ ይጸናል፤ ለመታደሱ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ትናንት ከጽሕፈት ቤት የመጣውን ጐልማሳ ዛሬ ከነባር ወታደር ጋራ እኩል የሚያስሮጥ አለቃ ይህን ጊዜ ይነሣዋል። ከሩጫ በፊት ጡንቻን ማፍታታት ይበቃል የሚሉም አሉ፤ በአውስትራልያ 1538 ምልምሎች ተፈትነው በ2000 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ግን ይህ ጕዳቱን እንዳልቀነሰው፤ ይልቁንም አስቀድሞ ሰውነቱ ያልጠነከረው ምልምል አብዝቶ እንደሚጐዳ አስረድቷል።

ከስብራት ይልቅ የሚያስፈራው የሙቀት ሕመም ነው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይገድላልና። ከደጋ የወጣ ሰው ቆላ ሲወርድ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ባሕር ወታደሮች በሚሠለጥኑበት በፓሪስ ደሴት ብዙ ምልምሎች በሙቀት ይወድቁ ስለ ነበር፤ በ1950ዎቹ ዓመታት የአየሩን ሙቀት ብቻ ሳይሆን እርጥበቱን፤ ነፋሱንና የፀሓዩን ግለት ባንድነት የሚመዝን ልክ ተበጀ። ልኩም በባንዲራ ቀለም እንዲገለጥ ተደረገ፤ ጥቍር ባንዲራ ሲሰቀል ብርቱ ልምምድ ይቆማል። የሚወድቀውም ሰው ቀነሰ።

ይሁን እንጂ ደንብ ቢጻፍ የሚያውቀው ካልተገኘ ምን ይረባል? በ2013 ዓ.ም. በጁላይ ወር በዌልስ በብሬከን ተራሮች ላይ፤ ለልዩ ጦር ለመመረጥ በሙቀት ቀን ከባድ ሸክም ተሸክመው የተጓዙ ሦስት የእንግሊዝ ተጠባባቂ ወታደሮች ሞቱ። በ2015 ዓ.ም. የአሟሟቱ ምርመራ ሲፈጸም እንደ ተገለጠው፤ አስቀድሞ ሌሎች ሰዎች በሙቀት ሲታመሙ ጕዞው መቆም ነበረበት፤ የሠራዊቱ ደንብ እንዲህ ያዝዝ ነበርና። ጕዞውን የመሩት ግን ደንቡን አያውቁትም ነበር። ወታደሮቹ ያሉበትን የሚያመለክት መሣሪያ ይዘው ሳሉ፤ መንቀሳቀስ ማቆማቸው እንኳ ቶሎ አልታየም። ከወንዙና ከዳገቱ ይልቅ የገደላቸው ቸልታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዚያው በፓሪስ ደሴት በኤፕሪል 1956 ዓ.ም. አንድ አሠልጣኝ 74 ምልምሎችን ለቅጣት በሌሊት ወደ ረግረጋማ ወንዝ አስገብቶ ስድስቱ ሰጥመው ሞቱ። ይህ ትምህርት አይባልም።

ወታደር ያለ ድካም አይሠለጥንም የሚሉ አለቆች እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ድካም ሌላ፤ ስብራት ሌላ ነው። ምልምሉ ሰነፍ እንዳይባል፤ ወይም ትምህርቱን እንደገና እንዳይጀምር ፈርቶ ሕመሙን ይሸሽጋል። አሠልጣኙ ሕመሙን የሚናገረውን ባይዘልፈው፤ በጊዜው የታየ የእግር ስንጥቅ በጥቂት ሳምንት ዕረፍት ይድናል፤ የተሸሸገ የጭን አጥንት አንገት ስንጥቅ ግን ፈጽሞ ተሰብሮ ሰውየውን ለዘወትር ከሠራዊቱ ሊያስወጣው ይችላል።