ሰባት ከዐሥር ስንት ነው?

በኮተቤ፣ ከላምበረት እስከ ካራ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ በዚያ የሚሰማው ክርክር ስለ ጎልና ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። ተራቸውን የሚጠብቁት ወጣቶች አዲስ ስለ ወጣ ጨዋታ «ስንት አገኘ?» እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። አንዱ «85 ነው» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ ከአምናው ወርዷል» ይለዋል። ቁጥሩን ማን ሰጠው፣ ስለ ምንስ ሰጠው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ነገሩ የልጆች ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የቪዲዮ ጨዋታ ዛሬ ገንዘብ የሚወጣበት፣ ብዙ ሰዓት የሚሠዋበት፣ በሀገራችንም አንዳንድ ወጣቶች እንጀራዬ ብለው የያዙት ሥራ ሆኗል። ደግሞም ኮተቤ መምህራን የሚሠለጥኑበት፣ ማርክ አሰጣጥ ራሱ እንደ አንድ ትምህርት የሚጠናበት ሠፈር ስለሆነ፣ ቁጥር ምን ይናገራል ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የሚቀርብ ቦታ የለም።

እኛ በትምህርት ቤት ያደግንበት ሚዛን የታወቀ ነው፤ 50 ያገኘ አለፈ ይባላል። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። በዚህ ሚዛን ላደገ ተማሪ 70 ለቤተሰብ የሚያሳዩት ማርክ ነው። በጨዋታ ገምጋሚዎች ዘንድ ግን 70 ወደ ወቀሳ የቀረበ ነው። መሰላሉ በወረቀት ላይ ዐሥር ደረጃ ቢኖረውም፣ በተግባር የሚረገጡት የላይኞቹ ሦስት ወይም አራት ደረጃዎች ናቸው፤ የቀሩት ለጌጥ የቆሙ ይመስላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ሜታክሪቲክ የብዙ ገምጋሚዎችን ማርክ ሰብስቦ ከመቶ አንድ አማካይ ቁጥር ያወጣል። ይኸው ድርጅት አንድ ፊልም ከ61 ጀምሮ አረንጓዴ ቀለም ሲቀባለት፣ ጨዋታን ግን 75 ካልደረሰ በቀር በቢጫ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ ያው 70 ለፊልም ምስጋና፣ ለጨዋታ ማመንታት ሆነ ማለት ነው። ሰብሳቢው ራሱ በሁለት ሚዛን የሚለካ ከሆነ፣ ከሩቅ ሆኖ ቁጥሩን የሚያነበው የኮተቤ ወጣት ምን ይፈረድበታል?

በፊደል ማርክ የሚሰጡ ገምጋሚዎች ሲገቡበት ነገሩ ይብሳል። ሜታክሪቲክ «ኤ»ን ወደ 100፣ «ቢ»ን ወደ 75፣ «ቢ ማይነስ»ን ወደ 67፣ «ኤፍ»ን ወደ 0 ይለውጣል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን በብዛት በሚሠራበት ስሌት ግን 85 ያመጣ ተማሪ «ኤ» አገኘ ይባላል፤ 100 ያመጣውም ያው «ኤ» ወይም «ኤ ፕላስ» ነው። ገምጋሚው «ኤ» ብሎ ሲጽፍ «እጅግ ጥሩ ነው» ማለቱ እንጂ «እንከን የለውም» ማለቱ ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሌላ ሰው ቃሉን ወስዶ በቁጥር ተረጎመው፤ ትርጉሙ ደግሞ በገምጋሚው ስም ይዞራል።

ይህ ሁሉ የስሌት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጻፈበት። እ.ኤ.አ. በ2010 «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ፣ የሠራው ኦብሲዲያን ከአሳታሚው ከቤቴስዳ ጋር የነበረው ውል፣ የሜታክሪቲክ አማካይ 85 ከደረሰ ተጨማሪ ክፍያ የሚያስገኝ ነበር። አማካዩ 84 ሆነ፤ ክፍያውም ቀረ። ነገሩን በ2012 ለሕዝብ የገለጸው ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን ነው። አንድን ጨዋታ ለብዙ ሰዓት የተጫወተ ሰው 84ን ከ85 ለይቶ ሊያሳየን ይችላልን? አይችልም። በወረቀት ላይ የተጻፈች አንዲት ነጥብ ግን የብዙ ሠራተኞችን ደመወዝ የምትነካ ሆነች። ከመቶ የሚሰጥ ማርክ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ የሌለውን ጥራት ያለው ያስመስላል።

ሌሎቹ ዘዴዎች በየበኩላቸው የሚሻሉበት አለ። ፋሚትሱ የተባለው የጃፓን መጽሔት አንድን ጨዋታ ለአራት ሰዎች ይሰጥና እያንዳንዱ ከ10 እንዲፈርድ ያደርጋል፤ ድምሩ 40 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ከ40 ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዜልዳ ጨዋታ፣ «ኦካሪና ኦቭ ታይም» ነበር። እኔን የሚያስደስተኝ ድምሩ ሳይሆን አራቱ ማርኮች በየፊናቸው መታየታቸው ነው። አንዱ 10፣ ሌላው 4 ቢሰጥ አማካዩ 7 ይሆናል፤ ሁለቱም 7 ቢሰጡም ያው 7 ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ግን ሰዎች የሚጣሉበት፣ ሁለተኛው ማንም የማይጣላበት ነው፤ እነዚህን ሁለቱን አንድ ናቸው የሚል አማካይ ለገዢው ምን ነገረው?

ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር ደግሞ ገዢውን «ለሌላ ሰው ትመክረዋለህ ወይስ አትመክረውም?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ነው፤ መልሱም ይሉኝታ አያበዛም። ነገር ግን በዚያ የሚታየው 90 በመቶ፣ ከመቶ ሰው ዘጠናው መከረው ማለት እንጂ የጨዋታው ማርክ 90 ነው ማለት አይደለም። ብዙ ወጣቶች ይህን ያደባልቁታል። ማንንም የማያስቀይም ትንሽ ጨዋታ፣ ደፍሮ አዲስ ነገር ከሞከረ ታላቅ ሥራ በላይ ሊቀመጥ የሚችለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ቁጥርን ጨርሰው የጣሉም አሉ። ዩሮጌመር የተባለው የእንግሊዝ አገር የጨዋታ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ10 የሚሰጠውን ማርክ ትቶ «ይመከራል» ወይም «ይቅር» በሚሉ ቃላት መፍረድ ጀመረ። በ2023 ግን ተመልሶ አምስት ኮከብ ያዘ። መመለሱን እንደ ሽንፈት አላየውም። ቁጥር አንድ በጎ ነገር አለው፤ ገምጋሚውን ያስገድደዋል። ሁለት ገጽ ሙሉ «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» እያለ የሚያንከባልል ጸሐፊ፣ ከታች ማርክ አስቀምጥ ሲሉት መሸሸጊያ ያጣል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የሠራውን «ኩኩሉ»ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዶሮዋ ወጥ እንዳትሆን የምትሮጥበት የስልክ ጨዋታ ነው። እንዲህ ያለውን የጥቂት ወጣቶች ሥራ ብዙ መቶ ሠራተኞች ከደከሙበት የውጭ ጨዋታ ጋር በአንድ የመቶ መሰላል ላይ ማቆም ለማንም አይረባም። ደግሞ በእኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ሠሪው የጓደኛዬ ጓደኛ ነው፣ የሀገር ልጅ ነው ተብሎ 9 ከ10 ይቸረዋል፤ ሠሪውም የቱን እንዲያሻሽል ሳያውቅ ይቀራል። በስልክ መደብር ያለውን አምስት ኮከብ ያየን እንደሆነ ደግሞ፣ አንዱ በሀገር ፍቅር አምስቱን ያበራል፣ ሌላው ስልኩ ሞልቶበት አልጫን ቢለው አንድ ብቻ ሰጥቶ ይሄዳል። ሁለቱም ስለ ጨዋታው የተናገሩት ነገር የለም።

የኮተቤው ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት አንድ ጨዋታ ከመግዛቱ በፊት ማወቅ የሚፈልገውን ደግሞ ከውጭ የመጣው 85 አይነግረውም። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ይጫወተዋል? አንዱ ግጥሚያ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለማውረድ ስንት ጊጋባይት ይበላል? ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቆም ጨዋታ፣ በሌላ አገር 95 ቢያገኝ እንኳ፣ ለእርሱ የሞተ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ በአማርኛ የጨዋታ ግምገማ ለመጻፍ ለሚያስቡ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት እነዚያ አራት ጥያቄዎች ይመለሱ። ከዚያ አስተያየቱ በሙሉ ይጻፍ። ፍርዱም በሦስት ቃል ይሁን፤ «ግዙት»፣ «ሞክራችሁ ወስኑ»፣ «ይቅርባችሁ»። ይህም ራሱ ማርክ አይደለምን የሚለኝ ሊኖር ይችላል። አዎን፣ ማርክ ነው። ነገር ግን ሦስቱ ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ሰጪውም ተቀባዩም ያውቃሉ፤ «ግዙት»ን ከ«ይቅርባችሁ» ጋር ደምሮ ለሁለት የሚያካፍልም አይኖርም። በተቻለ መጠን አንዱን ጨዋታ ሁለት ሰው ይየው፤ ቢቻል ከሁለቱ አንዱ ሠሪውን የማያውቅ ይሁን። ሳይስማሙ የቀሩ እንደሆነም ማስታረቅ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ፍርድ ከነምክንያቱ ጎን ለጎን ይታተም።