በወንጭፍ ያደግን ልጆች ሕጉን ለምን እንሸመድዳለን?

በክብ ስለሚዞር ነገር ጥያቄ ሲመጣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ቀመሩን ሳንሳሳት እንጽፋለን። ምክንያቱን ስንጠየቅ ግን «ወደ ውጭ የሚወረውር ኃይል አለ» እንላለን። ይህ የአእምሮ ድካም ሳይሆን የአጠናን ጉድለት ነው።

ከብቸናና ከሞጣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ማሽላ የሚጠብቀውን ልጅ እናስብ። ወንጭፉን ያዞርና አንደኛውን ጫፍ ይለቃል። ድንጋዩ ሲለቀቅ ከእጁ ተቃራኒ ወደ ውጭ አይሸሽም፤ በዚያች ቅጽበት በያዘው አቅጣጫ ይፈተለካል እንጂ። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ የሚለቀው ድንጋዩ በዒላማው ትክክል ከመድረሱ በፊት ነው። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው፤ ኃይል ካላጠፈው ተጓዡ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ድንጋዩን ሲያጥፍ የቆየው ገመዱ ነው፤ የሚስበውም ወደ መካከል ነው። ድንጋዩ ከእጅ 1 ሜትር ርቆ በሴኮንድ 2 ጊዜ ቢዞር፥ ገመዱ የድንጋዩን ክብደት 16 እጥፍ በሚያህል ኃይል ይስበዋል። እጁን ወደ ውጭ የሚጎትት አለ፤ ድንጋዩን ወደ ውጭ የሚጎትት ግን የለም።

«አውቶቡስ ሲታጠፍ ወደ ውጭ እንገፋ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አብሮ ለሚዞር ተመልካች ሴንትሪፉጋል የተባለው ኃይል በሒሳብ ይገባል። መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ግን፥ ሰውነታችን ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል አውቶቡሱ ከሥራችን መታጠፉ ነው።

ነገሩ የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከደጀን በብቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ የሚሄድ መኪና ገመድ የለውም። በሜዳማ መታጠፊያ ላይ ወደ መካከል የሚይዘው የጎማውና የመንገዱ ሰበቃ ብቻ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የሚያስፈልገው ኃይል 2 እጥፍ ሳይሆን 4 እጥፍ ይሆናል። ዝናብ ሰበቃውን ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገውን ኃይል ግን አይቀንስም። ይህ የገባው ሾፌር ፍጥነቱን የሚያበርደው መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የውጭውን መጽሐፍ እንማርበት፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ሕግ በአገራችን ዕቃ ሳንፈትን አንለፈው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስም ታናናሾቻችንን ከቀመሩ በፊት «ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል?» ብለን እንጠይቃቸው። ወንጭፉ በእጃቸው ነው፤ የጎደለው ጠያቂው ነው።