ልጁ ከተመለሰ በኋላ

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል የኑዌር ዞን መንደሮችን ወረሩ። ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከመቶ በላይ ሕፃናት ተወሰዱ። ከልጆቹ ከፊሎቹ በኋላ ተመልሰዋል። ታዲያ ልጅ ድንበር ተሻግሮ ሲመለስ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? እናቱ ሞታ ከሆነስ ማን ይረከበው? «አጎቱ ነኝ» ባዩስ በእርግጥ አጎቱ ነው?

ሶሻል ወርከር የምንለው ባለሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ስንዴና ብርድ ልብስ አዳይ ይመስለናል። እርሱ ግን ዘመድ ያፈላልጋል፤ ዝምድናውን ያጣራል፤ ልጁን ከጤና ጣቢያና ከትምህርት ቤት ያገናኛል፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ ተናጋሪ ለሌለው አፍ ይሆናል።

የሙያው መርህ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሰውን በሰውነቱ ማክበር፤ ኑዌር ነው አኙዋክ፣ ስደተኛ ነው ነዋሪ ብሎ አለማዳላት። ሁለተኛ፣ ምስጢር መጠበቅ። ልጁ የነገረው አማና ነው፤ የቡና ወሬ አይሆንም። ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ግን ሊጠብቀው ለሚችል አካል ብቻ ይነገራል። ሦስተኛ፣ ስለ ልጁ ከመወሰን በፊት ልጁን ራሱን መስማት።

ትምህርቱ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ፣ በደርግ ዘመን ተቋርጦ፣ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተከፍቷል። ወጣቶች ሆይ! ሙያ ስትመርጡ ይህንንም አስቡት። ወላጆችም፣ መከራ ያየ ልጅ ቤታችሁ ሲመጣ «ምን አዩብህ? ምን አደረጉህ?» እያላችሁ አታስጨንቁት። አብሉት፤ አስተኙት፤ ሲናገር አድምጡት።