ማይክሮዌቩን ተዉት፣ ዕቃውን ጠይቁ!

«ማይክሮዌቭ ካንሰር ያመጣል፣ ከቤታችሁ አውጡት» የሚል ጽሑፍ ሲዘዋወር ሳታዩ አትቀሩም። ይህ ወሬ ስህተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው፤ ዓይናችንን ከእውነተኛው አደጋ ላይ ያነሳልና።

ማይክሮዌቭ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ በሞገድ አነቃንቆ ያሞቃል። ሞገዱ እንደ ራጅ ጨረር ዘረመልን የመስበር አቅም የለውም። ማሽኑ ሲቆም ሞገዱም ይቆማል፤ ምግቡ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።

አደጋው ያለው ምግቡን የያዘው ዕቃ ላይ ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ፣ በተለይ ቅባት ያለው ምግብ ሲነካው፣ በውስጡ ያሉ ኬሚካሎች ወደ ምግቡ ይወጣሉ። አንዱ ቢስፌኖል ኤ የሚባለው ነው፤ የሆርሞንን ሥራ ስለሚያዛባ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 በሕፃናት ጡጦ ላይ አግዶታል። ያ የሚያምረው የሜላሚን ሳህንም ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ የለበትም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በደቡብ ኦሞ ማይክሮዌቭ ያለው ስንት ቤት ነው? ትኩስ ሽሮ በፌስታል ቋጥሮ ወደ ቤቱ የሚወስደውስ? ከምድጃ የወረደ ወጥ ፌስታል ላይ ሲገለበጥ ፕላስቲክን የሚያሞቀው ያው ሙቀት ነው። ማይክሮዌቭ እየፈራን የሚፋጅ ወጥ በፌስታል አንጠልጥለን መሄዳችን ምን ይባላል?

ድህነት ነው እንዳትሉኝ። ሐመር ወይም በና ቤት ስትገቡ ትኩሱ የቡና ገለባ የሚቀርብላችሁ በቅል ነው። የኣሪ እናቶች የሚሠሩት ሸክላ ጂንካ ገበያ ላይ አለ። ይህን ሁሉ «ኋላ ቀር» ብለን በፕላስቲክ የተካነው እኛ «ዘመናዊ» ነን ባዮቹ ነን።

«ስንት ዓመት በልተንበት ምን ሆንን?» ትሉ ይሆናል። ጉዳቱ እንደ ተበላሸ ምግብ በማግስቱ አያስመልስም፤ ቢመጣም ከዓመታት በኋላ ነው። መጠኑ ገና እየተጠና መሆኑም እውነት ነው። ግን ምሳ ዕቃ ይዞ መውጣት ምን ያስከፍላል? በጥርጣሬው ለምን ልጆቻችን ይሞከሩበት?

ስለዚህ፦

• ትኩስ ምግብ በፌስታል አትቀበሉ። ምሳ ዕቃ ወይም ድስት ይዛችሁ ሂዱ።
• ማይክሮዌቭ ያላችሁ መስታወት ወይም ለማይክሮዌቭ ተብሎ የተሠራ ሴራሚክ ተጠቀሙ። ብረት ድስት፣ ፎይልና ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሲኒ ብልጭታ ያስነሳሉ።
• ሸክላ ድስት ለምድጃ ነው፤ እርጥበት ስለሚይዝ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።
• የሕፃን ወተት በማይክሮዌቭ አታሙቁ። እኩል ስለማይሞቅ የልጁን አፍ ሊያቃጥል ይችላል።
• የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ የውሃም የቦርዴም ዕቃ አይሆንም።

የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ እናንተም ደንበኛው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ፊት አትንሱት፤ እንዲያውም አበረታቱት።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ መንገዳችንንና ወንዛችንን ያጸዳልን ይሆናል። ማዕዳችን ላይ የሚቀርበውን የምንወስነው ግን እኛው ነን።

ለወዳጆቻችሁ አጋሩ። ጤና ይብዛላችሁ!