ካርድ የሚሠራው ለማርክ ነው ወይስ ለዕውቀት?

በማስተማር ልምምድ ሰሞን መኝታ ክፍሎቻችን የወረቀት ፋብሪካ ይመስላሉ። መቀስና ማስመሪያ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፣ ማርከር ይፈለጋል፣ ካርቶን ከየሱቁ ይለቀማል። ፊደሉ፣ ቁጥሩ፣ የእንስሳቱ ሥዕል በቀለም አሸብርቆ ይወጣል። ገምጋሚው መምህር ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ መቅረቡን አይተው ምልክት ያደርጋሉ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ካርዱ ወዴት ይሄዳል? ወይ ከአልጋ ሥር፣ ወይ ከቆሻሻ ቅርጫት!

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንለው አንድ ነገር ነው። ካርድ ሊያዩት የሚሰቀል ጌጥ ሳይሆን ሊጠየቁበት የሚያዝ መሣሪያ ነው። ስለሆነም መጀመሪያ ለራሳችን ጥናት፣ ቀጥሎም ለነገ ተማሪዎቻችን፣ በገዛ እጃችን እየሠራን በየቀኑ ልንገለገልበት ይገባል።

ለመሆኑ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዘነው የመጣነው የአጠናን ልማድ ምን ይመስላል? ደብተር መክፈት፣ ከላይ እስከ ታች ማንበብ፣ ማስመር፣ ደግሞ ማንበብ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስናነበው ገጹ እንደ ጎረቤት ፊት ይለመደናል፤ ያን ጊዜ «በቃ ገብቶኛል» እንላለን። ፈተናው ሲመጣ ግን መልኩን እያወቅነው ስሙ ይጠፋናል። ማየትና ማስታወስ ለየቅል ናቸውና!

ይህን የምንለው እንዲያው ከመሬት ተነስተን አይደለም። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለክቶ፣ ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። መርሳት የሚፈጥነው ገና ከጥናቱ እንደተነሳን መሆኑን ያሳየን እሱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ደጋግመው እንዲያነቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ወረቀቱን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሳቸውን የጠየቁት በለጡ። የሚገርመው «በደንብ እናስታውሳለን» ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። እንግዲህ ለነገ ጠዋት ፈተና ብቻ የሚያጠና ሰው ያንብብ። ወደፊት አርባና ሃምሳ ሕፃናት ፊት የሚቆም ሰው ግን ራሱን መጠየቅ አለበት።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሀ ሁ ሂን በቅደም ተከተሉ ከዘለቀ በኋላ አቡጊዳ ይገባል። በአቡጊዳ የፊደሉም ተራ የቤቱም ተራ ይለዋወጣል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ይወርዳል። በዜማው እየተመራ አፉን ብቻ ያስኬድ የነበረ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ፊደሉን በመልኩ የለየው ግን ያልፋል። ካርድ በውዘን አንዱን ስናወጣ የምናደርገውም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ካርዱ በየቀኑ አዲስ አቡጊዳ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ኤ-4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ወርዱን ለሁለት፣ ቁመቱን ለአራት ብንከፍለው 105 በ74 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ 8 ካርዶች ይወጡታል። የማባዣ ሰንጠረዡን እንውሰድ። ከ2 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች እርስ በርስ ስናባዛ 64 ጥያቄ ይሆናል። 3 ጊዜ 7 እና 7 ጊዜ 3 መልሳቸው አንድ ስለሆነ ግን የሚያስፈልገን 36 ካርድ ብቻ ነው፤ ይኸውም 5 ወረቀት ማለት ነው። 4 ባዶ ካርድም ይተርፈናል፤ ለሚበላሽ ይሆናል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ናቸው፤ እነሱንም 29 ወረቀት ይችላቸዋል። በክፍል ፊት ለፊት ለሚታይ ካርድ ግን ወረቀቱን ለሁለት ብቻ መክፈል ይሻላል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ያላየው ካርድ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

በአንድ ካርድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፍ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ በደቃቅ ጽሕፈት የታጨቀበት ካርድ የተቆረጠ ደብተር እንጂ ካርድ አይደለም። ከፊቱ ጥያቄው፣ ከጀርባው መልሱ ይሁን። ለፊደል ከሆነ ከፊቱ «ዶ»፣ ከጀርባው የዶሮ ሥዕል ይበቃል። እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ያሉት ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ግን ፊደሉን ለብቻው አሳይቶ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ «ፀ_ይ» ብሎ ጽፎ የጎደለውን ማስሞላት ይሻላል።

ኮምፒዩተርና ፕሪንተር ያገኘ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ወረቀቱ እንደ መጽሐፍ ገጽ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ከፊት በኩል 1 እና 2 ጎን ለጎን ከሆኑ፣ ከጀርባው መልሶቹ 2 እና 1 ተብለው መቀመጥ አለባቸው፤ ቀጥሎም 4 እና 3 እያለ ይሄዳል። ይህን የዘነጋ ሰው 8 ካርድ አትሞ 8 የተሳሳተ መልስ ይታቀፋል። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ብቻ አትሞ ብርሃን ላይ ይዞ ማየት ነው። ተራው ስስ ወረቀት መልሱን በጀርባ ያሳያልና ወፈር ያለ ወረቀት ካልተገኘ ጥያቄና መልሱን ለየብቻ አትሞ ከሳሙና ወይም ከብስኩት ካርቶን ግራና ቀኝ መለጠፍ ይቻላል። ሙጫውም ቢሆን ዱቄት በውኃ በጥብጦ እሳት ላይ ማማሰል ነው። በአንድ ወገን የተጻፈበት አሮጌ ወረቀት እንኳ ለዚህ ይሆናል፤ የተጻፈበት ገጽ ወደ ካርቶኑ ይለጠፍና ንጹሑ ወደ ውጭ ይቀራል።

ፕሪንተር የሌለውስ? የሚመደብበት ትምህርት ቤት መብራት ከሌለውስ? ድንች ለሁለት ቆርጦ ፊደሉን በቢላ ጫፍ መቅረጽ፣ ቀለም ነክቶ ማተም ይቻላል። ብቻ ድንቹ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። ሀ፣ በ፣ ዐ ቢገለበጡም ብዙ አይለወጡ፤ ለ እና ረ ግን ጉድ ያደርጋሉ። ሌላው ዘዴ ወፍራም ካርቶን ላይ ፊደሉን ቆርጦ አውጥቶ በቀዳዳው ውስጥ በስፖንጅ ቀለም መምታት ነው። በዚህኛው ፊደሉ አይገለበጥም፤ ነገር ግን እንደ ዐ፣ መ እና ወ ያሉት መሐላቸው ዝግ ስለሆነ ውስጠኛው ቁራጭ ወልቆ እንዳይወድቅ ቀጭን ድልድይ ልንተውለት ያስፈልጋል። እንዲህ የተሠራ አንድ ቅርጽ ለብዙ ካርድ ያገለግላል።

ካርዱ ከተሠራ በኋላ አያያዙም ዘዴ አለው። ዘዴውን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በመጽሐፉ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ጸሐፊ ሰባስቲያን ላይትነር ነው። አንድ የጫማ ካርቶን ለሦስት ወይም ለአምስት ክፍል ይከፈላል። አዲሱ ካርድ ሁሉ ከፊተኛው ክፍል ይገባል። የመለስነው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ የተሳሳትነው ከየትም ይምጣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የፊተኛውን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በሳምንት አንዴ መጠየቅ ይበቃል። የምናውቀውን እየደጋገምን ጊዜ ከማጥፋት የማናውቀውን እንድናሳድድ ያስገድደናል።

እርግጥ ነው፣ ተቃውሞ አይጠፋም። «ይህ ሽምደዳ ነው፤ ዘመናዊ ትምህርት ማስተዋልን እንጂ በቃል መያዝን አይሻም» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ነጥቡ ቀላል አይደለም። 7 ጊዜ 8 ስንት እንደሆነ የሚያውቅ፣ ማባዛት ምን ማለት እንደሆነ ግን የማያውቅ ልጅ አልተማረም፤ ስለዚህ ጠጠርና ባቄላ ከካርዱ ይቅደሙ። ይሁንና እያንዳንዱን ፊደል እየቆመ የሚያስታውስ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል፤ ታዲያ ምኑን ያስተውለዋል? ካርድ ማስተዋልን አይተካም፤ መንገዱን ግን ይጠርግለታል።

«በስልክ የሚሠራ አለ፣ ታትሞ የሚሸጥም አለ» የሚሉም ይኖራሉ። ስልኩ ለእኛ ጥናት ይሁን፤ ለአንደኛ ክፍል ሕፃናት ግን ለእያንዳንዳቸው ስልክ ከየት ይመጣል? የተገዛውም ካርድ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄውን ራሱ አስቦ የጻፈ ሰው ገና ሲሠራው ግማሹን ተምሯል። ደግሞም የራሳችን ተማሪዎች የሚሳሳቱት የት ላይ እንደሆነ ከተማ ያለው አታሚ አያውቅልንም፤ የምናውቀው እኛ ነን።

ከዚህ አኳያ ለመምህራኖቻችን ሁለት ሐሳብ በትሕትና እናቀርባለን። አንደኛ፣ በማስተማር ልምምድ ጊዜ ማርክ ሲሰጥ የካርዱ ቀለም ሳይሆን አጠቃቀሙ ይታይ። ስንት ልጅ ተጠየቀበት? የተሳሳተውስ ልጅ ተመልሶ ተጠየቀ ወይ? ሁለተኛ፣ በአንድ ወገን የተጻፈባቸው ወረቀቶች ከመጣላቸው በፊት ለሠልጣኞች ቢሰጡን ለማንም ኪሳራ የለውም።

ለእኛ ለዕጩ መምህራን ደግሞ የቤት ሥራ አለን። በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ የመኝታ ክፍል 36ቱን የማባዣ ካርዶች ይሥራ፤ አምስት ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚፈጀው። ለልምምድ ስንወጣም የሠራነውን ሣጥን ይዘን አንመለስ፤ ለዚያው ክፍል ትተንለት እንምጣ። እኛ ማርካችንን ይዘን እንመለሳለን፤ ልጆቹ ግን ነገም እዚያው ናቸው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ልጅ አንድ በሚደርስበት ክፍል ግን የሚወረሰው በቃል የተያዘው ነው። እንዳይረሳ የማድረጉ ኃላፊነት የእኛ የመምህራኑ ነው።